የከተማ አማካሪ ቦርድ ለምን ይቋቋማል?

አንድ ሰው ግብር ይከፍላል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፤ በሰው ከተማ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ነገር ግን ዜጋ ስላልሆነ አይመርጥም። የአገሩንም ቋንቋ አጥርቶ ስለማይናገር አቤቱታውን የሚሰማለት የለም። ታዲያ ይህ ሰው ችግሩን ለማን ይንገር? በልዩ ልዩ አገሮች ከተሞች ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ አማካሪ ቦርድ ማቋቋም ነው። ነገሩን በአሜሪካ ዋና ከተማ፣ በዋሽንግተን ምሳሌነት እናብራራ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ አማካሪ ቦርድ ማለት ምን ማለት ነው? ከነዋሪዎች መካከል የተመረጡ ወይም የተሾሙ ሰዎች የወገኖቻቸውን ችግር እያጠኑ ለከንቲባውና ለከተማው ምክር ቤት ሐሳብ የሚያቀርቡበት አካል ነው። ሕግ አያወጣም፤ በጀት አይመድብም። ሥራው መምከር ነው። «መምከር ብቻ ከሆነማ ምኑን ጠቀመ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከታሪክ እንየው።

ዋሽንግተን የላቲኖ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤትንና አማካሪ ኮሚሽንን በሕግ ያቋቋመችው በ1976 ነበር። በ1980ዎቹ በኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰዎች ወደ ከተማዋ ገቡ። ከእነሱም ብዙዎቹ ማውንት ፕሌዘንትና አዳምስ ሞርጋን በሚባሉት ሰፈሮች ተቀመጡ። ሕዝቡ በዛ፤ የመሥሪያ ቤቶቹ አሠራር ግን አብሮ አልተለወጠም። ስፓኒሽ የሚያውቅ ፖሊስ እንኳ ጥቂት ነበር። በሜይ 5 ቀን 1991 ማውንት ፕሌዘንት ውስጥ አንዲት ፖሊስ አንድ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ በጥይት አቆሰለች። ሰፈሩ በቁጣ ተነሣ። ረብሻው ለቀናት ቆየ፤ የሰዓት እላፊም ታወጀ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1993 ባወጣው ሪፖርት ላቲኖዎች በፖሊስም በአገልግሎት መሥሪያ ቤቶችም ተገቢውን አያያዝ አለማግኘታቸውን ገለጸ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጽሕፈት ቤቱም ኮሚሽኑም ከረብሻው 15 ዓመት በፊት ነበሩ እኮ! እንግዲህ ቦርድ መኖሩ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በሽታው ተነግሮት ዝም ላለ ሐኪምስ ምን ይባላል?

ስለዚህ ቦርድ ሥራ እንዲሠራ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል።

አንደኛ፣ አባላቱ ችግሩን የሚያውቁት ሰዎች መሆን አለባቸው። ነጋዴውና የተማረው ብቻ ሳይሆን ቀን ሠራተኛውና የቤት እመቤቷም ሊገቡበት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከተማው ለቀረበለት ሐሳብ በተወሰነ ጊዜ መልስ የመስጠት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። «አንቀበልም» ቢል እንኳ ምክንያቱን ይናገር።

ሦስተኛ፣ ስብሰባው ሰዎቹ ከሥራ በሚወጡበት ሰዓት፣ በሚገባቸው ቋንቋ መካሄድ አለበት።

የቋንቋው ነገር እኛንም ይነካል። ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት፣ ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። ከተማዋ ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2006 ደግሞ የአፍሪካውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ኮሚሽን በሕግ ተቋቋሙ። የእኛም ወገኖች በዚህ በኩል ድምፃቸውን የሚያሰሙበት መንገድ ተከፈተላቸው ማለት ነው።

ለመምህር የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው? ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የማስተማሪያውን ቋንቋ የማይሰሙ ወላጆች ሊኖሩ ይችላሉ። የወላጅ ስብሰባ ጠርተን፣ እኛው ተናግረን፣ እኛው አጨብጭበን ብንበትን፣ ስብሰባ ተደረገ እንጂ ምክር ተገኘ አይባልም። ከኋላ ወንበር ዝም ብላ የተቀመጠችውን እናት በቋንቋዋ የሚጠይቅልን ሰው እንፈልግ። ምን እንዳለችም እንጻፍ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም መልሱን ይዘንላት እንቅረብ።