መድኃኒት ላይ ነኝ

«ሲስተር፣ እሱ ሳያውቅ ሻዩ ውስጥ የምጨምርለት መድኃኒት የለም?» የጠጪ ጉዳይ እኔ ክፍል የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው። እሱ አይመጣም፤ ሚስቱ ወይም እናቱ ትመጣለች። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ሰውን የሚያሳምም ክኒን በዓለም ላይ አለ፤ ሳያውቅ የዋጠው ሰው ግን ሊሞትበት ይችላል። የክኒኑን ነገር ትቼ ሴትዮዋን አስቀምጬ አጫውታታለሁ። ቀድማ የታመመችው እሷ የሆነችበት ጊዜ ብዙ ነው።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ መጠጥ ክፉኛ ከጎዳቸው ሰዎች መካከል ከ100 87ቱ ሕክምና ፈልገው እንደማያውቁ አሳይቷል። በራሴ እወጣዋለሁ ማለትና የት እንደሚኬድ አለማወቅ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። በነርስነት የምሠራባት የባሌዋ ዲንሾም የተለየች አትመስለኝም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ አገሩ የገብስ አገር ነው፤ ፋርሶ የሚባለው የገብስ ጠላ ከምግብ ይቆጠራል፣ አረቄ ደግሞ «ለብርድ» ነው። (አረቄ የሚያሞቀው ቆዳን ብቻ ነው፤ የቆዳ የደም ሥሮች ሲሰፉ የሰውነት ሙቀት ወደ ውጭ ያመልጣል። ይህን ግን ሌሊቱን ውጭ ለሚያድር ዘበኛ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው።)

የት ይኬዳል ለሚለው አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሥራ አክሮን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ጉዳዩ አልሳካ አለው። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው፤ የሆቴሉ ባር ደግሞ ቅርቡ ነው። ባሩን ትቶ ስልክ አነሣና እንደሱ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ፈለገ። ያገኘው ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ተቀምጦ ለሰዓታት ቆየ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው፣ አባላቱ ስማቸውን ለውጭ ሰው ሳይገልጡ የሚሰባሰቡበት ማኅበር ከዚህ ተወለደ። መስፈርቱ አንድ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ የቢል ሚስት ሎይስ ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆነውን አል-አኖንን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2020 27 ጥናቶችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ይህ መሰባሰብ ሰው ጨርሶ ከመጠጥ እንዲርቅ በማድረግ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ ብዙውን ጊዜም እንደሚበልጥ ደምድሟል።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመኝ ሁለት ሰው መብቃቱ ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቀናል፤ በየሳምንቱ ስብሰባ ፍለጋ ወደዚያ የሚመላለስ ገበሬ የለም። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ስብሰባ የት አለ?» ለሚለኝ «እንዳንተ ያለ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ ላገናኛችሁ?» እለዋለሁ። የሁለቱንም ፈቃድ ግን አስቀድሜ ለየብቻ እጠይቃለሁ።

ስም መደበቁ ነው እዚህ የማይሠራው። ዲንሾ ውስጥ ማን የት እንደገባ ሳይመሽ ይታወቃል። ሙስሊም ከሆነ ደግሞ መጠጣቱ ራሱ ምስጢር ነውና፣ ለማቆም መምጣቱ መጠጣቱን ያወጣበታል። ለመሰባሰቢያ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም የመስጊድ ግቢም ግማሹን ሰው ያስቀርብናል። የተሻለው የደም ግፊት ክትትል የሚደረግበት ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ የገባን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውሸትም አይደለም፤ አልኮል ግፊት ይጨምራል። ቀኑን የመረጡት ራሳቸው ተሰብሳቢዎቹ ናቸው፤ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ባለበትና የጠላ ቤቱ በር በተከፈተበት ሰዓት። እኔ ብሆን ይህን ቀን አልመርጥም ነበር።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ግን በቀጥታ ወደ ስብሰባ አልልክም። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ከዚያም ሊያቃዠውና ሊገድለው ይችላል። በሐኪም ክትትል ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልገዋል፤ ከበድ ካለ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ይሄዳል። «በወንድነቴ አቆማለሁ» የሚለው ያስፈራኛል። ጠበል እገባለሁ ለሚለኝም የምለው ይኸንኑ ነው፤ ጠበሉንም ግባ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ።

ክፍሉ ውስጥ ከሚወራው አብዛኛው ስለ መጠጥ አይደለም፤ ስለ እንቢ ማለት ነው። ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ደቦ አለ። የቀረበልህን ጠላ መመለስ ባለቤቱን መናቅ ነው፤ «በሞቴ» ሲባል ደግሞ ማን ይችላል? አንዱ የተማረውን ለሌላው ያቀብላል፦ «መድኃኒት ላይ ነኝ» በል። ይህን ሰምቶ ብርጭቆ የሚገፋብህ ሰው የለም፤ እንዲያውም ምሕረቱን ያውርድልህ ይልሃል። ሌላው ደግሞ ተቃወመው፤ «እስከ መቼ መድኃኒት ላይ ልሁን? አንድ ቀን አልጠጣም ማለት አለብኝ።» ሁለቱ እስካሁን አልተስማሙም። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጀግንነት አያስፈልግም።

ሲጀመር አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። አሁን ቁልፉን ሰጥቼ እወጣለሁ፤ ነርስ ባለችበት ሰው የሚያወራው የተሻለውን ነው። ካርድ አይወጣም፣ ስም አይመዘገብም። የወር ሪፖርቱ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሞላ ሳጥን ስለሌለው፣ ከወረዳ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።