ወረርሽኙ የሴቶችን መንፈስ ለምን ይበልጥ ጎዳ?

በአብዛኞቹ አገሮች ኮቪድ የገደላቸው ወንዶች ከሴቶች ይበልጣሉ። ወረርሽኙ ያስከተለው ድባቴና ጭንቀት ግን የበረታው በሴቶች ላይ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሰፊ ጥናት እንደገመተው፣ በ2020 ወረርሽኙ ባይከሰት ኖሮ ይያዙ ከነበሩት በተጨማሪ 53.2 ሚሊዮን ሰዎች በከባድ ድባቴ ተይዘዋል፤ ከእነዚህ 35.5 ሚሊዮኑ ሴቶች ናቸው። በጭንቀት ሕመም ከተጨመሩት 76.2 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ 51.8 ሚሊዮኑ ሴቶች ናቸው።

ልዩነቱ ከኮቪድ በፊትም የነበረ ነው። ሲሰጠው የኖረው ምላሽም ይታወቃል፤ «ሴት ልጅ ሆደ ባሻ ናት» ይባላል፣ ወይም ሆርሞን በምክንያትነት ይነሳል። ሆርሞን ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የሴቶች ተፈጥሮ በ2020 አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን መያዙ፣ የታመመውን ማስታመሙ፣ አረጋዊውን መጦሩ በእናትና በእህት ትከሻ ላይ ወደቀ። ከሚደበድባት ባል ጋር በር የተዘጋባት ሴት መሸሻ አጣች። በዓለም ላይ ከ10 የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች 7ቱ ገደማ ሴቶች ስለሆኑ፣ በሽታውን በሥራ ገበታቸው ላይ የተጋፈጡትም በብዛት እነሱ ነበሩ።

ይህን አጉልታ የምታሳይ አገር ጃፓን ናት። እዚያ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ለ10 ዓመታት በተከታታይ ሲቀንስ ቆይቶ በ2020 ተመልሶ ጨመረ። የጨመረው ግን በሴቶች ብቻ ነው። የወንዶቹ ከ14,078 ወደ 14,055 በጥቂቱ ሲወርድ፣ የሴቶቹ ከ6,091 ወደ 7,026 አሻቀበ። በምግብ ቤት፣ በሆቴልና በሱቅ ያለ ቋሚ ቅጥር የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ወረርሽኙ ቀድሞ የዘጋውም እነዚህኑ ቤቶች ነው። ብዙዎቹ ደመወዛቸውንም ከሰው የሚያገናኛቸውንም የሥራ ቦታ በአንድ ጊዜ አጡ። መንግሥት በየካቲት 2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር እስከ መሾም ደረሰ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2020፣ ቫይረሱና የሊባኖስ ገንዘብ መውደቅ በተደራረቡበት ወቅት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸዋል። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ስፖንሰርነት ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው እጅ ስለሆነ፣ ሥራ ያጣችው ሴት መጠለያዋንም ሕጋዊነቷንም አብራ አጣች። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለችን ሴት ጭንቀት ከሆደ ባሻነት ጋር ማያያዝ ግፍ ነው፤ መድኃኒት ብቻውንም አይፈታውም። ደመወዟ ሊከፈላት፣ ማደሪያና መመለሻ ልታገኝ ይገባ ነበር።

በድባቴና በጭንቀት የሚያዙ ወንዶች በቁጥር ማነሳቸውም ደህና ናቸው ማለት አይደለም። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በጃፓንም በዚያ ዓመት እንኳ የሞቱት ወንዶች የሴቶቹን እጥፍ ያህል ነበሩ። ወንድ ልጅ ሐዘኑን እንዲውጥ ተደርጎ ስለሚያድግ እርዳታ ለመጠየቅ ይዘገያል። ሕመሙ በመጠጥ ወይም በቁጣ ሲወጣ፣ ስለ ሐዘንና ስለ ለቅሶ የሚጠይቅ መጠይቅ ሳያገኘው ያልፋል። ቁጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እቤት ባለችው ሴት ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጉዳቶች ነጣጥሎ ማከም የሚቻል አይመስለኝም።

በእኛ አገር ጭንቀት ጤና ጣቢያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም ወይም እንቅልፍ ማጣት ተብሎ ነው። በቤታችሁ እንዲህ እያለች የምትመላለስ እናት ወይም እህት ካለች፣ ስለ ሕመሟ ብቻ ሳይሆን ስለ ውሎዋና ስለ ሸክሟም ጠይቋት፤ ሥራውንም ተካፈሏት። መጠጥ ያበዛውን ወንድማችሁንም በወቀሳ አትለፉት፤ አነጋግሩት። ካልተሻላቸው አብራችኋቸው ወደ ሐኪም ሂዱ።