ያውቁ ኖሯል? ከሙዱላ ቅል እስከ ሙኒክ ድንኳን

ያውቁ ኖሯል? ሰው ቲኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ፣ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የሚቀምሰው «ክራፍት ቢራ» በትንሽ ቤት፣ ጥቂት በጥቂቱ፣ በጠማቂው እጅና ምላስ የተሠራ ቢራ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም! እንዲያማ ከሆነ በገበያ ቀን በጠምባሮዋ ከተማ ሙዱላ ላይ ቦርዴዋን ዘርግታ የምትቀመጠው እናት ክራፍት ቢራ ጠማቂ ናት። ማንም ግን እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም!

ቦርዴ ጌሾ አይገባበትም! ከጠላ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በቆሎ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቤት ያለው እህል ሁሉ ይገባል። ጌሾ ግን ደጃፉን አይረግጥም!

እርስዎ በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጡት ቦርዴ አራት ደረጃ አልፎ እንደሚመጣ ያውቁ ኖሯል? መጀመሪያ የተከካው በቆሎ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከዚያ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ እንኩሮ ይሆናል። ከዚያ ወፍራም ገንፎ ይገነፋና ብቅል ይጨመርበታል። በመጨረሻ ሌላ ብቅልና ውሃ ይገባበታል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ያድራል። ሲነጋ እንስራው ውስጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ! ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። ፈሳሹ ግራጫ ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከላዩ አረፋ ይፈላል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ የኮምጣጣ ሽታ አለው። እንደ አጥሚት ይጠጣል፣ እንደ ቢራ ይፈላል!

ይህ ሁሉ ልፋት ግን ለአንድ ቀን ነው! ቦርዴ በተጠለለበት ቀን ካልተጠጣ በማግስቱ ኮምጥጦ ፊት ያጨማድዳል። የመደርደሪያ ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ቢራ!

ደግሞ መጠጥ ብቻ አይምሰልዎ። ቀን ሠራተኛው አንድ ቅል ቦርዴ ጨልጦ ምሳውን በላሁ ይላል! አራስ እናትም ወተቷ እንዲበዛላት ቦርዴ ትጠጣለች። ባልቴቶቹ ይህን አጥብቀው ያምናሉ፤ ይህ ጸሐፊ ከባልቴቶች ጋር አይከራከርም።

ይብሱን ወደ ደቡብ ይውረዱ። የጊዶሌ ደራሼዎች ፓርሾት የሚባል የማሽላ ቢራ አላቸው። እንደ ምግብ ማወራረጃ እንዳያዩት፤ ዋናው ምግባቸው ራሱ ነው! ጠዋት ፓርሾት፣ ቀትር ላይ ፓርሾት፣ ማታ ፓርሾት! ማሽላውንም ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ለዓመታት ያስቀምጡታል።

«ጥምቀት» እና «ጠመቃ» ወንድማማች ቃላት መሆናቸውን ልብ ብለው ያውቃሉ? ሁለቱም ከአንድ ሥር ወጡ፤ ነከረ፣ ውሃ ውስጥ ዘፈቀ ማለት ነው። ቄሱም ያጠምቃል፣ ጠላ ሻጯም ትጠምቃለች! «ብቅል»ም የበቀለ እህል ከማለት ሌላ ምንም አይደለም።

ንጉሥ ኢዛና ምርኮኞቹን ቢራ አጠጥቷል! በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የቤጃን 6 ነገሥታት ከነሕዝባቸው ማረከ፤ 4,400 ነፍስ! ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍራቸው በየቀኑ 22,000 ዳቦ ሰጣቸው። መጠጡስ? ግሪክኛው ጽሑፍ ቢራና ወይን እስኪጠግቡ ጠጡ ይላል። ከዛሬ 1,600 ዓመት በላይ አስቀድሞ ለ4,400 ሰው ድግስ! ጠማቂዎቹን ያስቧቸው እስቲ።

ከእነሱም በፊት ሱመሮች ኒንካሲ የምትባል የቢራ አምላክ ነበረቻቸው። ለእሷ የተጻፈው መዝሙር ውስጥ የቢራ አሠራር አለበት! ሸክላ ላይ ነው የተገኘው፣ ዕድሜውም ወደ 3,800 ዓመት ይጠጋል። ጠማቂዋም እንደ እኛ አገር ሴት ናት!

የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። የማያውቁት ነገር፦ በጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ጭስ ጭስ የሚል ቢራ አለ፤ ብቅሉን በእንጨት ጭስ ያደርቁታል! ጎብኚው ከዓለም ዳርቻ ይመጣለታል። የእኛዋ ጠላ ቤት ደግሞ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ እንግዳዋን ትጠብቃለች።

ብራስልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ። እርሾ አይጨመርበትም! ጠማቂው መስኮት ይከፍትና አየሩ ውስጥ ያለው እርሾ ራሱ ገብቶ ያቦካዋል። ይኮመጥጣል፤ ዋጋውም ይንራል! ጠላና ቦርዴም ከሱቅ የተገዛ እርሾ ሳያዩ ነው እስከዛሬ የቦኩት። ለዚህ ግን ማን ከፍሎ ያውቃል?

ፈረንጅ ለቢራው ምሬት የሚጨምረው ሆፕ የሚባል ተክል የካናቢስ ዘመድ ነው! አንድ ቤተሰብ ናቸው። የእኛ ጌሾ ከዚህ ቤተሰብ የለበትም፤ ንጹሕ ሰው ነው!

አሁን ወንበርዎን ያዝ ያድርጉ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ የገብስ ዘር ወሰዱ። በዘሩ ውስጥ አንድ የተደበቀ ስጦታ ነበር፤ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል! ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ዘረመል ወደ አውሮፓ የቢራ ገብስ ገባ። ዛሬ የአውሮፓ ማሳዎችን ሞልቷል! ሙኒክ ውስጥ ብርጭቆ የሚያጋጨው ሰው የሐበሻ ገብስ ውለታ ሳይኖርበት አይቀርም። እሱ ግን አያውቅም!

አሜሪካኖቹም ከዚሁ ጎተራ ዘግነዋል። ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ካሊፎርኒያ ላይ ገብሱን ቢጫ አድርጎ ሲያቀጭጭ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው!

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. እዚህ መጥቶ የገብሱን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቆ ተመልሷል። ለዓለም ዘር የሰበሰበው ይህ ሰው በረሃብ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1915 ዓ.ም. ነው! ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ሆነው። ጠርሙሱ ላይ ሰማዕቱ ዘንዶውን ወግቶ እንደቆመ ነው።

አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ቢር ጋርደን የሚባል ቤት አለ። አንዱ ቢራው ብሎንዲ ነው፣ ሌላው ኤቦኒ፤ ወርቃማና ጥቁር! የሚጠጡት ከተጠመቀበት ጥቂት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነው። ሙዱላ ላይ ግን እርምጃም አያስፈልግም፤ እንስራው ከጉልበትዎ አጠገብ ነው።

የሙኒኩ የቢራ ፌስቲቫል ኦክቶበርፌስት በመስከረም መጀመሩን ያውቁ ኖሯል? ስሙ ጥቅምት ነው፣ ፌስቲቫሉ ግን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ይከፈታል! መነሻው ደግሞ ቢራ አልነበረም፤ በ1810 እ.ኤ.አ. የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ያደረገው ሠርግና የፈረስ ግልቢያ ነው። ሠርጉ አለቀ፣ ፈረሱ ቀረ፣ ቢራው ቆየ! ዛሬ በአንድ ወቅት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበታል። ብርጭቆው አንድ ሊትር ይይዛል። ቢራ የሚያቀርቡትም የሙኒክ 6 ጠማቂዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው አይቀርብም!

በዚያው ሰሞን እኛ አገር ምን ይሆናል? የመስቀል ሰሞን በዓላቸውን፣ ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታና ጠምባሮ መሳላን ያከብራሉ! ችቦው ይለኮሳል፣ በሬው ይወድቃል። እናቶች ደግሞ ወራት ሙሉ ቅቤ በማኅበር ሲያጠራቅሙ ከርመዋል! ቦርዴው እንስራ ሞልቶ ይፈላል። ሁለት አገር፣ አንድ ሰሞን፣ አንድ አረፋ። ማንም ለማንም ሳይነግር!

 

ቢራ ሰው አስጥሞ ያውቃል! በ1814 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ግዙፍ የቢራ በርሜል ፈነዳ። ቢራው ቤት እየደረመሰ እንደ ጎርፍ ወረደ። 8 ሰው ሞተ። የሳቅ ነገር ይመስላል፤ አልነበረም።

ቢራ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ለጌጥ አይደለም። ፀሐይ ሲያገኘው ሆፑ ይለወጥና ይሸታል፤ መጥፎ ሽታ! ቡናማው መስታወት ብርሃኑን ይከለክላል። ቦርዴ ጠርሙስም ፀሐይም አያስጨንቀውም፤ ከሰዓት በኋላ አልቋል!

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ የለም። ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰውም አልኮል አይሸጥም! ቆርኪ ከፍቶ መኪና የሚያሸልመው ጨዋታም ቀርቷል።

ቆርኪ ካልን አይቀር፣ አሁን አጠገብዎ ካለ ያንሱት። ዊልያም ፔንተር በ1892 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነገር ነው። ዙሪያውን ጥርሱን ይቁጠሩ፤ ቀስ ብለው፣ ከአንዱ ጀምረው። 21 ነው!