ዩኒቨርሲቲውና ሱቁ በሞያሌ

እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል መነሻነት ለሁለት የተከፈለችው፣ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ሞያሌ፣ በኬንያው ወገኗ በማርሳቢት አውራጃ ውስጥ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂውና ሌላውም ሕዝብ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማልኛና በአማርኛ እየተዋዋለ፣ ሽልንጉንም ብሩንም በአንድ መሳቢያ እያኖረ የሚነግድባት ስለ ሆነች፣ የችርቻሮ ንግድን በዩኒቨርሲቲ ተምሮ ኑሮውን በዚያ ላይ ሊመሠርት ለሚሻ ወጣት ከእርስዋ የተሻለ መካነ ትምህርት በአካባቢው ይገኛል ብዬ አላምንም።

የሞያሌ ባለሱቆች፣ ይልቁንም ንግድን ለልጅ ለልጅ ልጅ ያወረሱት የቡርጂ ነጋድያን፣ ጥበባቸውን ያውቁታል እንጂ አልጻፉትም፤ ምሩቁ ደግሞ የተጻፈውን አንብቦ ያልተጻፈውን አላየም። የንባብ ቤት ደቀ መዝሙር ትርጓሜ ቤት ሳይዘልቅ መምህር ተብሎ ወንበር እንደማይዘረጋ ሁሉ፣ የገበያ ጥናት መጽሐፍ ያነበበ ተማሪም ሸቀጥ ቆጥሮ፣ ደንበኛ አስተናግዶ፣ ማታ በኤም-ፔሳና በቴሌብር የገባውን ገንዘብ ከሽያጩ ጋር አስታርቆ ካላየ ነጋዴ ለመባል ገና ነው።

የዋጋ ትመናን ነገር እንመልከት። በ80 ሽልንግ የገዛውን ሳሙና በ100 የሸጠ ሰው፣ ትርፉ በግዢው ሲሰላ ከመቶ 25፣ በሽያጩ ሲሰላ ግን ከመቶ 20 መሆኑን ተማሪው በአንድ ሰዓት ትምህርት ይረዳዋል፤ ከዚያች 20 ሽልንግ ላይ የቤት ኪራዩ፣ የጫኝና አውራጁ ዋጋ፣ የተበላሸውና የጠፋው ዕቃ፣ በዱቤ ወጥቶ የቀረውም ሲቀነስ ምን ያህል እንደሚተርፍ ግን ደብተር ይዞ ከመደርደሪያው አጠገብ ያልዋለ አያውቀውም። በዚህ ላይ ምንዛሪው አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ከኬንያ ያስመጣውን ዕቃ በቀድሞው ግዢ ላይ ጥቂት ጨምሮ በብር የሸጠ ነጋዴ በመዝገቡ አትራፊ ሆኖ ሳለ፣ በሽያጩ ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት የማይችል ሆነ፤ ይህም ትርፍ መስሎ የሚመጣ ኪሳራ ነውና ከግልጹ ኪሳራ ይከፋል። ስለዚህ በድንበር ከተማ የሚነግድ ሰው ዋጋውን የሚቆርጠው ዕቃው የሚተካበትን ሒሳብ እያሰበ ነው፤ ተማሪውም ይህንን የሚያስተምረው መምህር ከፈለገ ሞያሌን ቢጎበኝ አይጎዳም።

ዱቤም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስሙን በናኩሩ ከተማ ከነበረ የፍራሽ ንግድ ያገኘው ናኩማት፣ ከኬንያ አልፎ በጎረቤት አገሮች ቅርንጫፍ እስኪከፍት የሰፋ የሱፐርማርኬት ድርጅት ከሆነ በኋላ፣ ለአቅራቢዎቹ የሚከፍለው አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ በ2020ም ገንዘብ ጠያቂዎቹ እንዲፈርስ ወሰኑ። በሰው ገንዘብ መስፋት እስከ የት እንደሚያደርስ ታላቁ ድርጅት ሊዘነጋው ቢችል፣ አከፋፋዩ ማክሰኞ መጥቶ ሒሳቡን የሚጠይቀው ትንሽ ባለሱቅ ሊዘነጋው አይችልም።

ወደ ትምህርቱ ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተከፍቶ ለባንኩና ለመሥሪያ ቤቱ አያሌ ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ ለምሩቁ ግን ወደ ሱቅ ማየት እንደ ውርደት ሲቆጠር ኖረ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ደንበኛን የማናገር ችሎታ አይመዝንም። መንግሥት ለዜጎች ብቻ ተከልሎ የነበረውን የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፍት፣ መደብር ማስተዳደር የሚችል ሰው መፈለጉ የማይቀር ሆኗል። በጀርመን አገር ይህ ሥራ የሦስት ዓመት ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ሲሆን፣ ሠልጣኙ ጊዜውን በመደብርና በትምህርት ቤት መካከል ከፍሎ፣ ከአሠሪው ወርኃዊ አበል እየተቀበለ ይማራል። የእኛም ሆነ የኬንያ ተማሪ ለልምምድ ሲላክ ከቢሮ ይልቅ ወደ ሱቅ ቢላክ፣ ሞያሌ ከደረሰ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተመረቀውን የሁለቱን አገሮች የጋራ ድንበር መተላለፊያ ጉምሩክ አይቶ፣ በወዲያ ከመቶ 16፣ በወዲህ ከመቶ 15 የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስ በእውነተኛ ደረሰኝ ላይ ቢያሰላ መልካም ነበር።

ችግሩ ባለሱቁ ዘንድ ነው። የጎረቤቱ ጉድለትና የአማቹ ዕዳ ተጽፎ ያለበትን የዱቤ መዝገብ ለማያውቀው ልጅ ስለ ምን ያሳያል? ደመወዝ ክፈል ቢባልማ ጨርሶ አይቀበለውም። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲው አበሉን ራሱ ችሎ፣ ተማሪውን በምሥጢር ጠባቂነት በጽሑፍ አስፈርሞ ቢልከው፣ ተማሪውም የመጀመሪያውን ወር ዕቃ በመቁጠርና መጠቀሚያ ጊዜው የቀረበውን ወደ ፊት በማስቀደም ብቻ ቢያሳልፈው፣ በሁለተኛው ወር መዝገቡ ይከፈትለት ይሆናል።