ትምህርት በዘመቻ ዋጋ
ስለ አሜሪካኖች የወታደር ትምህርት ሕግ

የኮሌጅን ወጪ ማን ይክፈል? ለዚህ ጥያቄ በየአገሩ ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶታል። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማርና ሥራ ሲይዝ ዕዳውን ይከፍላል። በአሜሪካን አገር ግን ወይ ወላጅ ይከፍላል፣ ወይ ተማሪው ይበደራል፣ ወይም ዕድል የቀናው ስኮላርሺፕ ያገኛል። ከነዚህ ሌላ አራተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም አስቀድሞ በወታደርነት አገልግሎ በአገልግሎቱ ዋጋ መማር ነው። ይህን የሚፈቅደውን ሕግ አሜሪካኖች በተለምዶ «ጂ.አይ. ቢል» ይሉታል፤ «ጂ.አይ.» በነሱ አነጋገር ተራ ወታደር ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት የተነሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከመካከላችን በዚያ አገር ወንድም ወይም እኅት፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ያለው ብዙ ስለሆነና፣ በዲቪ የሄደ ወጣት የኮሌጅ ክፍያ ሲከብደው ይህን መንገድ ማሰቡ ስለማይቀር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይሰፋል። የዚህ ሕግ ታሪክ ስለ መብት የሚያስተምረን ነገር አለ፤ መብት በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ባለመብቱ የሚደርሰው በማን እጅ አልፎ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ እንዴት ተወለደ

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለተመለሱት ወታደሮች የአሜሪካ መንግሥት በ1924 አንድ የጉርሻ ገንዘብ ወስኖላቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚከፈለው በ1945 ነው ተባለ። በመካከሉ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ሥራ አጥተው የተራቡት የቀድሞ ወታደሮች በ1932 በአሥር ሺሕ እየተቆጠሩ፣ ብዙዎቹም ከነቤተሰባቸው፣ ወደ ዋሺንግተን ሄደው ሠፈሩና ገንዘባችን ዛሬውኑ ይሰጠን አሉ። መልሱ ሐምሌ 28 ቀን መጣ፤ በጄኔራል ማክአርተር የሚመራ ጦር በታንክና በአስለቃሽ ጋዝ ከሠፈሩበት አባረራቸው። ትናንት በአንድ ምሽግ የተዋጉ ሰዎች በገዛ ጦራቸው መባረራቸውን አገሩ በቶሎ አልረሳውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሥራ ስድስት ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን በጦሩ ውስጥ አገልግለዋል። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥራ ከየት ይገኝለታል? የ1932ቱ ነገር እንዳይደገም የፈሩ ብዙዎች ነበሩ። አሜሪካን ሌጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር መሪ የነበረው ሃሪ ኮልመሪ የሚባል የካንሳስ ጠበቃ ረቂቁን በዋሺንግተን ሆቴል ተቀምጦ በእጁ ጻፈው። ሕጉም ኮንግሬስ ተወያይቶበት ካለፈ በኋላ ሰኔ 22 ቀን 1944 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተፈረመ።

በዚህ ሕግ መሠረት ቢያንስ 90 ቀን ያገለገለና በውርደት ያልተባረረ ወታደር የመማር መብት አገኘ። መንግሥት ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 500 ዶላር ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፤ ይህም በዚያን ጊዜ በታወቁት ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ለመማር የሚበቃ ነበር። ተማሪው ራሱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ላላገባ በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር ለኑሮው ይቀበላል።

ነገሩ ሁሉንም ደስ አላሰኘም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስን የመሰሉ ታላላቅ ምሁራን ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ባልተሰናዱ ሰዎች ይጥለቀለቃል ብለው አስጠነቀቁ። መጥለቅለቁስ በርግጥ ሆነ፤ በ1947 በአሜሪካ ኮሌጆች ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ማደሪያ ጠፍቶ ከጦር ሠፈር የተነሡ የቆርቆሮ ቤቶች በየግቢው ተተከሉ፤ ባለትዳሩ ተማሪ ልጁን አቅፎ ማጥናት ያዘ። ነገር ግን ምሁራኑ የፈሩት የዕውቀት ውድቀት አልመጣም፤ ከጦር ሜዳ የመጡት ተማሪዎች ትጉሃን ሆነው ተገኙ። ሕጉ በ1956 እስኪያበቃ ድረስ 7.8 ሚሊዮን ሰዎች ተማሩበት፤ ከነዚህ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ያህሉ የገቡት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የቀሩት የእጅ ሥራ፣ የእርሻና ሌላ ሙያ ተማሩ። «የድሃ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት አይበቃም» የሚለው አስተሳሰብ እንዲህ ባለ ፈተና ወድቋል። የጎደለው ገንዘብ እንጂ አእምሮ አልነበረም።

ገንዘቡ በማን እጅ?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ሕጉ በጽሑፉ ጥቁርና ነጭ ብሎ አይለይም ነበር። አፈጻጸሙ ግን ለየክፍለ ግዛቱና ለየአካባቢው ባለሥልጣኖች ተተወ፤ ይህም እንዲሆን አጥብቀው ከታገሉት አንዱ በምክር ቤቱ የጉዳዩ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበረው የሚሲሲፒው ጆን ራንኪን ነበር፤ እርሱም ዘር ከዘር እንዲለያይ በግልጽ የሚከራከር ሰው ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁር ወታደር በነጮች ዩኒቨርሲቲ በር አያልፍም። የጥቁሮቹ ኮሌጆች ጥቂትና ጠባብ ስለነበሩ ቦታ እያጡ ብዙ አመልካቾችን መለሱ። ማመልከቻውን የሚቀበለውም ጸሓፊ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነበርና ጥቁሩን ወደ ዝቅተኛ ሥራ ማመልከት ይቀናው ነበር። በአንድ ጦርነት የዘመቱ፣ አንድ ሕግ የተጻፈላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ መሐንዲስ ሲሆን ሌላው ቀድሞ ወደነበረበት ጉልበት ሥራ ተመለሰ።

ሌላም ጉድለት ታየ። ገንዘቡ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፈል ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ክፍያቸውን ከፍ አደረጉ፤ የወታደሩን ገንዘብ ብቻ ፈልገው የተከፈቱ የሙያ ትምህርት ቤቶችም እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ኮንግሬስ ይህን መርምሮ ለኮርያ ዘማቾች በ1952 ባወጣው ሕግ አሠራሩን ለወጠ። ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ቀርቶ ላላገባ ተማሪ በወር 110 ዶላር በእጁ እንዲሰጠውና ከዚያው ክፍያውንም ቀለቡንም እንዲችል ተደረገ። ማጭበርበሩ ቀነሰ፤ ነገር ግን ክፍያው ውድ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ከወታደሩ እጅ ራቀ። የቪየትናም ዘማቾችን የሚያጠቃልለው የ1966 ሕግ በወር 100 ዶላር ብሎ ሲጀምር፣ የትምህርትም የኑሮም ዋጋ በጣም ተወድዶ ነበርና ቅሬታው በዛ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ እጅ ሲሆን ትምህርት ቤቱን ያስጎመጃል፤ ሁሉም በተማሪው እጅ ሲሆን ደግሞ ከዋጋው ጋር እኩል መሮጥ ያቅተዋል።

ዛሬ ያለው አሠራር

ዛሬ አብዛኛው ወታደር የሚማርበት ሕግ ራሱ የቪየትናም ዘማች በነበረው በሴናተር ጂም ዌብ አቅራቢነት በ2008 የወጣውና ከነሐሴ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ይህ ሕግ ገንዘቡን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የትምህርቱ ክፍያ ለትምህርት ቤቱ፣ የቤት ኪራዩና የመጻሕፍቱ ለተማሪው ይሰጣል።

መብቱ በጠቅላላው 36 ወር ነው። የትምህርት ዓመት ዘጠኝ ወር ያህል ስለሆነ 36 ወር አራት የትምህርት ዓመት ይሆናል፤ ማለት አንድ ዲግሪ ይጨርሳል። ነገር ግን ሁሉም እኩል አያገኝም። ከመስከረም 11 ቀን 2001ዱ አደጋ ወዲህ 36 ወር በሥራ ላይ ያገለገለ መቶ በመቶ ያገኛል፤ 24 ወር ያገለገለ 80፣ 18 ወር ያገለገለ 70፣ ዘጠና ቀን ብቻ ያገለገለ ደግሞ 50 በመቶ። ለምሳሌ የዓመቱ ክፍያ 10,000 ዶላር ቢሆንና ወታደሩ ያገለገለው 24 ወር ቢሆን መንግሥት 8,000 ይከፍላል፤ 2,000ው የራሱ ዕዳ ነው። በውጊያ ቆስሎ «ፐርፕል ሃርት» የተባለውን ሜዳይ የተሸለመ ግን ወሩ ሳይቆጠር ሙሉውን ያገኛል። በክብር መሰናበትም ግዴታ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የተወሰነው ክፍያ በሙሉ ይሸፈናል። በግል ዩኒቨርሲቲ ግን በየዓመቱ የሚታወጅ ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን «የሎው ሪበን» በተባለው ውል ትምህርት ቤቱና መንግሥት የሚካፈሉበት ጊዜ አለ፤ ይህም ትምህርት ቤቱ ውሉን ከገባ ብቻ ነው። የቤት ኪራዩ ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ባለበት ከተማ ቤተሰብ ላለው ሃምሳ አለቃ በሚታሰበው ልክ ነው። ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይጨመራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዝርዝሩ ላይ ነው። የትምህርቱ ሸክም ከግማሽ ካልበለጠ የቤት ኪራይ የለም። ትምህርቱን በሙሉ በኢንተርኔት የሚከታተል የሚያገኘው የአገሩን አማካይ ግማሽ ብቻ ነው። ትምህርት በሚዘጋበት ወራትም አይከፈልም፤ ስለዚህ ለክረምቱ አስቀድሞ ያልቆጠበ ይቸገራል። መብቱን ለሚስት፣ ለባል ወይም ለልጅ ማስተላለፍ የሚቻለው ወታደሩ ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ ስድስት ዓመት አገልግሎና ሌላ አራት ዓመት ለማገልገል ፈርሞ ነው፤ ከተሰናበተ በኋላ ማሰብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሥራ ላይ ያለ ወታደር በትርፍ ጊዜው ሲማር የሚረዳው ሌላ የጦሩ ገንዘብ ስላለ፣ ብልሆቹ በዚያ እየተማሩ 36 ወራቸውን ለኋላ ያቆያሉ።

የትምህርት ቤት ምርጫም ብርቱ ነገር ነው። ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ከገቢያቸው ቢያንስ አሥር በመቶውን ከፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ውጭ እንዲያገኙ ሕግ ያስገድዳቸው ነበር፤ የወታደሩ ገንዘብ ግን ከዕርዳታው ጋር ስላልተቆጠረ ወታደሩን አጥብቀው ያሳድዱት ጀመር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2021 በወጣ ሕግ ነው። በ2015ና በ2016 ብዙ ቅርንጫፍ የነበራቸው ሁለት እንደዚህ ያሉ ድርጅቶች ሲዘጉ ወታደሮቹ ዲግሪውንም ወሩንም አጡ። በ2017 የወጣው፣ በኮልመሪ ስም የተሰየመው ሕግ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ላይ የባከነው ወር እንዲመለስ ፈቀደ፤ ከ2013 መጀመሪያ ወዲህ ለተሰናበቱትም የአሥራ አምስት ዓመቱን ገደብ አነሣ።

ዋጋው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በ1944 ሕጉ የወጣው አብዛኞቹ በግዴታ ለተመለመሉ ሰዎች ነበር፤ የባለጸጋውም የገበሬውም ልጅ ዘምቷል፤ ትምህርቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ወሮታ ነው። አሜሪካ በ1973 የግዴታ ምልመላን ካቆመች ወዲህ ግን የነገሩ መልክ ተለወጠ። ትምህርቱ አስቀድሞ የሚታይ፣ ወጣቱን ወደ ጦሩ የሚስብ ተስፋ ሆነ። አባቱ ሊከፍልለት የሚችል ወጣት ይህን ሒሳብ መሥራት አያስፈልገውም። ሒሳቡን የሚሠራው የሌለው ነው።

ይህ ለአገራችን ልጆችም የሩቅ ነገር አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ሳይሆን በአሜሪካ ጦር በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል። ከዚህም በላይ በ2008 በታወጀ አንድ ልዩ ፕሮግራም፣ የሚፈለግ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ አገር ሰዎች፣ በተማሪነት ቪዛ ያሉት ሳይቀሩ፣ ወታደር ሆነው በፍጥነት ዜግነት እንዲያገኙ ተፈቅዶ ነበር፤ ከቋንቋዎቹም ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ይገኝ ነበር። ፕሮግራሙ በ2016 ሲቆም፣ ውል ፈርመው የደኅንነት ምርመራው ሳያልቅላቸው፣ ቪዛቸውም እያለፈ ለዓመታት የተንጠለጠሉ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር፤ እጁ ግን አልተዘረጋም።

ስለዚህ በዚያ ያለ ዘመዳችን ምክር ቢጠይቀን ሂድ ወይም አትሂድ ለማለት አንደፍርም። ግን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንነግረዋለን። የሚፈርመው ውል በጠቅላላው ስንት ዓመት ነው? የመጀመሪያው ውል ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂነቱ ጋር ስምንት ዓመት ነውና፣ በመመልመያው ቢሮ በቃል የሚነገረው ሳይሆን በወረቀቱ የተጻፈው ይታይ። ገንዘቡ ለየትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንት በመቶ ይከፈላል? ጦርነት ቢመጣስ? በዚህ የመጨረሻው ላይ ድርድር የለም።

እኛም በበኩላችን የምናስበው ነገር አለ። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ ሕዝቡን እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አገልግሎትና ትምህርት ሊተሳሰሩ የሚችሉት በጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው። የአሜሪካው ሕግ ለሚሊዮኖች የተዘጋ በር ከፍቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ አገር የድሃውን ልጅ ለማስተማር ገንዘብ እንዳለው ካሳየ በኋላ፣ በመጀመሪያ ለምን መዝመት እንዳስፈለገው መጠየቅ የኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው።