ከታንኳዋ ኋላ የሚቀመጠው ሰው

ጋምቤላ ከተማ፣ በባሮ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ መንገደኛ ዓሣ አጥማጁ አንድ ሰው ይመስለዋል። ታንኳዋ ፊት ሆኖ መረብ የሚስበው፣ ዓሣውን የሚፈታው፣ ሲቀናውም ከፍ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው። ኋላ ተቀምጦ መቅዘፊያውን ቀስ እያለ የሚያዞረውን ማንም ልብ አይለውም። ሸሪክ ፍለጋ ሲባል ግን ዋናው ተፈላጊ ያ የኋለኛው ነው።

የባሮ ባህላዊ ታንኳ ከአንድ ግንድ ተቦርቡራ የምትሠራ ናት። ጠባብና ረጅም ስለሆነች በሣርና በቄጠማ መሃል እንደ ልቧ ትሾልካለች። ችግሩ በራሷ አለመርጋቷ ነው፤ ሚዛኗን የሚጠብቁላት የተሳፈሩባት ሰዎች ናቸው። ሰውና መረብ ሲጫንባት ከጠርዟ እስከ ውኃው ያለው ስንዝር ቢሆን ነው። ስለዚህ የፊተኛው ወደ ግራ ሲያጎነብስ የኋለኛው ሳይነገረው ክብደቱን ወደ ቀኝ ማድረግ አለበት። እስኪነገረው የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

መረቡ አመሻሽ ላይ ይጣልና ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ሲነሳ የፊተኛው ሁለት እጁም ዓይኑም መረቡ ላይ ስለሚሆን ወንዙን አያይም። ውኃው ታንኳዋን በጎኗ ገፍቶ መረቡ ላይ እንዳያስተኛት የሚከለክለው የኋለኛው ነው። አፍንጫዋን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ፣ መረቡ በተሳበ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያስጠጋ፣ ገመዱ ሳይላላም ሳይወጠርም ያቆያታል። መረቡን የሰጠመ ግንድ ከያዘው ደግሞ ጉልበት አያዋጣም፤ ወይ መረቡ ይቀደዳል ወይ ሳቢው ውኃ ውስጥ ይገባል። የኋለኛው ታንኳዋን ከግንዱ አሳልፎ ይወስድና መረቡ በገባበት በኩል ተመልሶ እንዲወጣ ያደርጋል። የተግባቡ ሸሪኮች ይህን ሲሠሩ ወሬ የለም፤ የፊተኛው እጁን ያነሳል፣ ታንኳዋ ትዞራለች።

አደጋም አለ። አዞ መረብ ላይ የተንጠለጠለ ዓሣ አይምርም። ጉማሬ ደግሞ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ጥልቁ ውኃ የሚመለሰው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ልክ መረብ በሚነሳበት ሰዓት ማለት ነው። በጉማሬና በጥልቁ ውኃ መካከል መገኘት ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። ይህን ሁሉ ቀድሞ ማየት ያለበት የፊተኛው ሳይሆን የኋለኛው ነው። እዚህ ሥራ ላይ ጀግና አያስፈልግም፤ «እኔ አዞ አልፈራም» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሸሪክ ቢመጣብኝ በትሕትና አሰናብተዋለሁ።

ጥሩ ሸሪክ ወንዙን በየወቅቱ ማወቅ አለበት። አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ በክረምት ከዳርቻው ይወጣል፤ ዓሣውም ለመራባትና ለመመገብ አብሮ ወጥቶ በየሣሩ ይበተናል። በበጋ ውኃው ሲጎድል ወደ ወንዙና ወደ ኩሬዎቹ ይሰበሰባል፤ አዝመራው ያኔ ነው። በወንዙ የንግድ መርከብ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ ቦታ ፈቀዱ፤ ጣቢያው በኋላ የቆመባት ጋምቤላም ወደብ ሆና ቡና በሱዳን በኩል ስትልክ መርከብ የሚደርስባት ውኃው ሲሞላ ብቻ ነበር። ለመርከቡ የሞተው ወቅት ለታንኳዋ የሥራ ወቅት ነው።

ዓቢይ ጾምም የሚውለው በዚያው ውኃው በጎደለበት ጊዜ ስለሆነ በጾም ዓሣ የሚበላው ነዋሪ ገበያውን ያሞቀዋል። ሙቀቱ ግን 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዓሣው በጠዋት ካልተሸጠ ወይ ተሰንጥቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወይ በጭስ ይደርቃል፣ ወይ ይበላሻል። እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሸሪክ የሌላውንም ሰው ገበያ ይዞ ነው የሚተኛው።

በባሮና አኮቦ ተፋሰስ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያ አለ፤ በአገራችን ይህን የሚያህል የዝርያ ብዛት ያለው ተፋሰስ የለም። ናይል ፐርች፣ ቆሮሶና አምባዛ ለገበያ የታወቁት ናቸው። ከዝርያዎቹ አንዱ ግን ጢም ያለው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ቆዳ ያለው ዓሣ ሲሆን የነካውን ሰው በኤሌክትሪክ ይነዝራል። እርጥብ መረብ በባዶ እጁ የሚስብ ሰው ሳያስበው ቢነዘር ደንግጦ መንፈራገጡ አይቀርም፤ በዚህች ጠባብ ታንኳ ላይ ደግሞ ድንጋጤ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ ሰው መጀመሪያ ዓሣውን መለየት ይማር።

ሸሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ነው የሚገኘው፤ ወንድም፣ አጎት፣ አብሮ አደግ። ዝምድና ግን ሚዛን መጠበቅን አያስተምርም። እኔ ብሆን እጩውን ስለ ዓሣ ከመጠየቄ በፊት ታንኳዋ ላይ ሲወጣ አየዋለሁ። ዝቅ ብሎ፣ መሃሏን ረግጦ፣ ጠርዟን በሁለት እጁ ይዞ ከገባ ግማሹን ፈተና አለፈ። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ከተጣመሩ፣ እንደ አኙዋና ኑዌር፣ በየብስ ላይ ሳሉ ጥቂት የምልክት ቃላት ቢስማሙ ይበጃቸዋል፤ ውኃ ላይ አስተርጓሚ አይገኝም።

የሚያጣላው ግን ብዙ ጊዜ ወንዙ ሳይሆን የብሱ ነው። መረብ በጥላ ሥር ሲጠገን የሚጠፋ ሸሪክ አለ፤ በየቀኑ «ዛሬ ጉዳይ አለብኝ» የሚል። ታንኳዋና መረቡ የአንዱ ከሆኑ ደግሞ ባለንብረቱ ተጨማሪ ድርሻ መጠየቁ አይቀርም፤ በብዙ አገር አነስተኛ አጥማጆች ዘንድ ጀልባ እንደ አንድ ሰው ይቆጠርለታል። ይህ ክፉ አይደለም። ክፉው በይሉኝታ ሳይነጋገሩ ወንዝ ገብተው፣ ዓሣው ዳር ላይ ተዘርግቶ ገዢ እያየ መከራከር ነው። በተለይ የኋለኛው መብቱን አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ እጁ ላይ ዓሣ አልታየማ። ቂም ቋጥሮ ሌላ ታንኳ ሲፈልግ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ሦስት ነገር ይነገር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ ለማጥመድ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ በማን ስም ይወጣል? ለቤት የሚሄደው ዓሣ ከማን ድርሻ ይነሳል? አዞ መረቡን ቢቀደውስ ማን ይከፍላል? ለመጨረሻው የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የመጠገኛው ክር ዋጋ ከሽያጩ ላይ አስቀድሞ ይነሳ፣ የተረፈው ከዚያ በኋላ ይከፋፈል። ባለመረቡ ብቻውን ከከፈለ የቀዛፊው ጥንቃቄ ይላላል፤ ቀዛፊው ከድርሻው ከተቆረጠበት ደግሞ በሚቀጥለው ንጋት አይመጣም።