በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ማውስ፦ እጅ ሲታመም ሥራውን ማካፈል

ሰኔ ደርሶ የበጀት ዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ፣ እጃቸውን እያሹ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ የቢሮ ሠራተኞች ይበዛሉ። «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚሉ አሉ፤ ወጌሻ ዘንድ ታሽተው የመጡም አሉ። ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ሲጠየቁ ግን መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ ከጠዋት እስከ ማታ ማውስ።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ቀኝ እጇን ሲያማት ማውሱን ወደ ግራ አዛወረችው። ቀኙ ተሻላት። ሦስት ወር ሳይሞላ ግራውም በዚያው ዓይነት ሕመም ተያዘ። «አሁን በየትኛው እጄ ልሥራ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንጀራዋ ከዚያ ነውና «ሥራ አቁሚ» ማለት መልስ አይሆንም። ሸክሙን ሁሉ ከአንዱ እጅ አንስታ በሌላው ላይ ጭናው ነበር። ያልሞከረችው ነገር ማካፈል ነው፤ ሁለት ማውስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ለእያንዳንዱ የተለየ ሥራ መስጠት።

ማውስ ስንይዝ እጃችን ምን ይሠራል?

ማውስ መጠቀም አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ አራት ሥራ ነው፦ በስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ማንቀሳቀስ፣ ክሊክ ማድረግ፣ ተጭኖ ይዞ መጎተት፣ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ማንከባለል። ቀስቷን ስናንቀሳቅስ የእጅ አንጓ፣ ክንድና ትከሻ ይሠራሉ። ክሊክ ስናደርግ በዋናነት የሚደክመው የጠቋሚ ጣት ጅማት ነው። ከሁሉም ከባዱ መጎተት ነው፤ ጣት ተጭኖ ሳይለቅ አንጓው ይንቀሳቀሳል፣ ማውሱንም ጨብጠን እንይዛለን።

በእጅ አንጓ ላይ ከመዳፍ በኩል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በውስጡ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ነርቩ ሲጨመቅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል፣ እጅን ማራገፍም ለጊዜው ያስታግሳል። ካርፓል ተነል ሲንድሮም የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ያለውን ግፊት የለኩ ጥናቶች፣ እጅ ማውስ ላይ ዝም ብሎ ከማረፉ ይልቅ ሲጎትትና ሲጠቁም ግፊቱ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ግን ማውስን በሁሉም ነገር መክሰስ ተገቢ አይደለም። ካርፓል ተነል ሲንድሮምን ማውስ ብቻውን ያመጣዋል ወይ የሚለው እስካሁን የሚያከራክር ነው። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስና የመገጣጠሚያ ብግነት የታወቁ አጋላጮች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ማውስ ከመግዛትዎ በፊት የስኳር ምርመራ ማድረጉ ይሻላል።

ሥራው እንዴት ይከፋፈላል?

ሁለት ማውስ በዩኤስቢ ሲሰካ ሁለቱም ያንኑ አንዲት ቀስት ያንቀሳቅሳሉ። በአንዱ ያንቀሳቀሷትን ቀስት በሌላው ክሊክ ማድረግ ይቻላል። ምንም ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

ለአብዛኛው ታካሚ የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው፦ ግራ እጅ ቀስቷን ያንቀሳቅስ፣ ቀኝ እጅ ክሊክ ያድርግ። መጎተት ሲያስፈልግ ቀኙ ተጭኖ ይይዛል፣ ግራው ይወስዳል። ከባዱ ሥራ በዚህ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው ኪቦርድ የቁጥር ክፍሉ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በቀኝ ያለ ማውስ ከሰውነት ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኝ ክንድ ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይውላል። በግራ በኩል ግን ማውሱ ለኪቦርዱ መሃል ቅርብ ነው። አንዳንድ ሰው ትከሻው የሚያርፈው በዚህ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። በዊንዶውስ ላይ የግራና የቀኝ ቁልፍን ማቀያየር ለሁለቱም ማውስ በአንድ ላይ ነው የሚሠራው፤ ለግራው እጅ ብለው ሲቀይሩ የቀኙም ይቀየራል። ሰው ይምታታበትና ነገሩን ይተወዋል። ከላይ ባለው አከፋፈል ግን የግራው ማውስ ክሊክ ስለማያደርግ ቁልፉን መቀየር ጨርሶ አያስፈልግም። የቀስቷ ፍጥነትም እንዲሁ ለሁለቱም አንድ ነው። ጀርባው ላይ የፍጥነት መቀየሪያ ቁልፍ ያለው ማውስ ካገኙ ለግራው እጅ ይጠቀሙበት፤ ያልለመደ እጅ ዝግ ያለች ቀስት ትሻለዋለች። የላፕቶፕ ታችፓድ ፍጥነት ግን ከማውሱ ተለይቶ ይስተካከላል፤ ሁለተኛ ማውስ መግዛት ያልፈለገ ሰው ታችፓዱን ለማንቀሳቀስ፣ ማውሱን ለክሊክ ሊያውለው ይችላል።

ሁለተኛው ችግር፣ የቀኙ ማውስ ክሊክ ሲደረግ ትንሽ እየተንሸራተተ ቀስቷን ማዛነፉ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከሥሩ ብርሃን የሚወጣበትን ቀዳዳ ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስተር ይሸፍኑት። ማውሱ መንቀሳቀሱን ማንበብ ያቆማል፤ ቁልፎቹና መሃሉ ላይ ያለው መንኮራኩር ግን እንደ ወትሮው ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ለአንጓና ለትከሻ በሚመች ቦታ ሁሉ፣ ጭን ላይም ቢሆን ማስቀመጥ ይቻላል።

ምንም ሳይገዙ ለመሞከር የኪቦርዱን የቁጥር ክፍል መጠቀምም አለ። በዊንዶውስ የግራውን አልት፣ የግራውን ሺፍትና ነም ሎክን አንድ ላይ ሲጫኑ «ማውስ ኪይስ» የሚባለው ይከፈታል። ያኔ 5 ቁጥር ክሊክ ያደርጋል፣ 0 ተጭኖ ይይዛል፣ ነጥቧ ትለቃለች። መጎተትን ጣት ሳይጫን መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ጉድለቱ ይህ ሲበራ የቁጥር ክፍሉ ቁጥር መጻፉን ማቆሙ ነው፤ ለሂሳብ ሠራተኛ አይመችም፣ ለጸሐፊና ለተማሪ ግን ጥሩ ነው።

ግራ እጅ መጀመሪያ ላይ ይንቀረፈፋል። በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ስህተት ዋጋ በማያስከፍልበት ሥራ ላይ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በሰኔ መጨረሻ ባይጀምሩት ይሻላል። ልማዱ እስኪመጣ ግራ እጅዎን ጨምድደው እንዳይዙ ይጠንቀቁ፤ ያቺ የሂሳብ ሠራተኛ ግራ እጇን የጎዳችው በአንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ስለሠራችበት ይመስለኛል። ሥራው ቢከፈልም እረፍቱ አይቀርም፤ በየግማሽ ሰዓቱ እጅን ከማውስ አንስቶ ጣቶችን መዘርጋት ያስፈልጋል።

እጁ ለሚንቀጠቀጥና በስትሮክ ለተጎዳ ሰው

ለእነዚህ ታካሚዎች ጥቅሙ ከሕመም ማስታገስ ያልፋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቀስቷን ተጨንቆ ቦታዋ ላይ ያደርሳትና ክሊክ ሊያደርግ ሲል ትሸሸዋለች። ማንቀሳቀሱና ክሊኩ በተለያዩ እጆች ሲሆኑ፣ ቀስቷ ከደረሰች በኋላ የሚያንቀሳቅሰውን እጅ አንስቶ በሌላው ክሊክ ማድረግ ይችላል። ቦታው ላይ ተቀምጦ በጣት የሚሽከረከር ኳስ ያለው ትራክቦል ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ይመቻል።

በስትሮክ አንድ ወገኑ የደከመ ሰው ጤነኛው እጁ ያንቀሳቅስ፣ የደከመው እጅ ጣት ማንሳትና መጫን ከቻለ ክሊኩ የእሱ ይሁን። ጣቱ ምንም የማይታዘዝ ከሆነ በእግር የሚረገጥ የክሊክ ፔዳል አለ። ለቤተሰብ የምነግረው አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ሁለተኛውን ማውስ እናንተ ያዙት። አባት ቀስቷን ወደሚፈልጉት ያደርሳሉ፣ ልጅ «ልጫነው አባባ?» ብሎ ጠይቆ ክሊክ ያደርጋል። ማውሱን ከእጃቸው ነጥቆ ከመሥራት በጣም ይለያል፤ የሚመርጡት እሳቸው ናቸውና።

ማውስ የማይፈታው ሕመም

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ብቻ የሚደነዝዙ ከሆነ የተጨመቀው ሌላ ነርቭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቦታው ክርን ላይ ነው። ክርንን ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መዋል ያብሰዋል፣ ማውስ ቢቀያየርም አይለወጥም። ከአንገት ተነስቶ ወደ እጅ የሚወረወር ሕመምም እንዲሁ ከማውስ ጋር አይያያዝ ይሆናል። የደነዘዘ እጅን በኃይል ማሸትና መጎተት የተጨመቀ ነርቭን አያስለቅቅም፣ ሊያባብሰውም ይችላል። ወጌሻ ዘንድ መሄድ የለመዳችሁ ይህን አስቡበት። ለካርፓል ተነል ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ለጥቂት ሳምንታት መሞከር የተሻለ ጅምር ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለሳምንታት በራስ ፈቃድ መዋጥ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩት።

ሲኒ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ፣ መደንዘዙ ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላው እጅ ጋር ሲነጻጸር የጎደለ ከመሰለ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨመቀ ቀዶ ሕክምና ተደርጎም ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። አንጓው ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለም እንዲሁ። አንድ እጅ በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ጊዜ ሳያባክኑ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለምርመራ ሲመጡ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ፣ በስንት ሰዓት እንደሚብስና ማውሱን በየትኛው እጅ ስንት ሰዓት እንደሚይዙ ለአንድ ሳምንት በወረቀት ላይ ጽፈው ይዘው ይምጡ። ከብዙ ምርመራ ይልቅ ያቺ ወረቀት የምትነግረን ይበልጣል።